ያገለገለ የፊልም ካሜራ ስትገዙ፦ ምኑን ታያላችሁ፣ ስንትስ ትከፍላላችሁ?

የመጀመሪያዬን የፊልም ካሜራ (በጥቅል ፊልም ፎቶ የሚያነሳውን) የገዛሁት መልኩን አይቼ ነው። ብረቱ ያብረቀርቃል፣ ቆዳው ጥቁር ነው፣ የራሱ ቦርሳም አለው። ሻጩ «ይሄኮ የጥንት ነው፤ አሁን ከየት ይገኛል?» አለኝ። አመንኩት። ቤት ገብቼ ጀርባውን ስከፍት የሹተሩ (ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ጨርቅ እንደ አሮጌ ጃንጥላ ተበሳስቷል። ሌንሱ ውስጥ ደግሞ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለ። ሻጋታ ነው። ካሜራው ይኸው እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ይታዘበኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ገዝቻለሁ፣ ጥቂቱን ሸጫለሁ፣ አንዳንዱንም ጥዬዋለሁ። ካሜራን የሚያስወድደው ዕድሜው እንዳልሆነ የገባኝም በዚሁ ነው። ዋጋ የሚሰጠው ዛሬ ፊልም ከትቶ ሊያነሳበት የሚፈልግ ሰው ሲኖር ነው። ኮዳክ ብራውኒ የተባለውን የካርቶን ሣጥን ካሜራ መሸጥ የጀመረው በ1900 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ያን ስም የያዙ ካሜራዎች ለአሥርት ዓመታት በገፍ ስለተመረቱ አብዛኞቹ ዛሬም ርካሽ ናቸው። በ1997 የወጣው ኦሊምፐስ ሚዩ 2 ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ የልጅ መጫወቻ ይመስላል፣ ግን ከአብዛኛው ብራውኒ በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሌንሱ ጥሩ ነው፣ የሚጎርሰው ፊልምም በቀላሉ ይገኛል።

ከቤት ስትወጡ የምትይዙት

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። «ባትሪ ቢገባለት ይሠራል» የሚል ሻጭ ሞልቷል፤ ባትሪ ያለው ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ባትሪውን እናንተ ያዙ። ትንንሾቹ ክብ ኤልአር44 ሁለት ሦስት ፍሬ፣ ባለ6 ቮልቱ 4ኤልአር44፣ ለአውቶማቲኮቹ ደግሞ ሲአር123ኤ እና ሲአር2። የባትሪውን ክዳን ለመክፈት አንድ ሳንቲም። ለስላሳ ጨርቅ። የስልካችሁ መብራት ይበቃል፤ ብቻ ስልኩን ሞልታችሁ ውጡ።

ጊዜው ያለፈበት አንድ ጥቅል ፊልምም ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ፎቶ ልታነሱበት አይደለም። ካሜራው ፊልም በትክክል እየሳበ መሆኑን ለማየት ነው። ጀርባውን ከፍታችሁ ታስገቡና ሁለት ሦስቴ ታስኬዱታላችሁ። ጥርሱ ፊልሙን ከዘለለ ወይም ከቀደደ እዚያው ታዩታላችሁ።

ፍለጋው

ጥሩ ካሜራ ብዙ ጊዜ «ጥሩ ካሜራ» ተብሎ አይቀመጥም። ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን ሲያወጣ ካሜራው ከገመድና ከሪሞት ክምር ሥር ነው የሚገኘው። ጠረጴዛው ላይ ካላያችሁ ጠይቁ። «አሮጌ ካሜራ ቤት ውስጥ ይኖር ይሆን?» በቂ ነው። ሰው ካሜራ የሚገዛው ያለ አይመስለውምና ሳያወጣው ይቀራል።

የካሜራ ቦርሳ ካያችሁ ደግሞ ኪሶቹን ሁሉ ፈትሹ። አንድ ጊዜ ማንም የማይፈልገው የፕላስቲክ ካሜራ ያለበትን ቦርሳ ገዛሁ። የጎን ኪሱ ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ 50 ሚሊ ሜትር፣ 1.4 ሌንስ ነበር። ካሜራው ለልጆች መጫወቻ ሆነ፤ ሌንሱ እስካሁን አብሮኝ አለ።

ኦንላይን ስትፈልጉ የሞዴል ስም ብቻ አትጻፉ። ስሙን የሚያውቅ ሻጭ ዋጋውንም ያውቃል። «የአባቴ ካሜራ»፣ «የድሮ ካሜራ ከነቦርሳው»፣ ወይም ፊደሉ የተሳሳተ የብራንድ ስም ሞክሩ። ፎቶውን አቅርቡና ሌንሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሻጩ ካሜራው የት እንደተቀመጠ መጠየቅም አይከፋም። እርጥበት ያለው ምድር ቤት ከሆነ ሻጋታውን ከወዲሁ ጠርጥሩ።

መጀመሪያ ፊልሙ ይገኛል ወይ?

ካሜራውን ከመውደዳችሁ በፊት ይህን እወቁ። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጎርስ ከሆነ ሰላም ነው። 120 የሚባለው ሰፊ ጥቅልም እንዲሁ ዛሬም ይመረታል። 620 የሚል የተጻፈበት አሮጌ ኮዳክ ካገኛችሁ ፊልሙ ከ120 ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው መጠቅለያው ቀጭን መሆኑ ነው። ጨለማ ውስጥ ወደ ድሮው መጠቅለያ ማዛወር ይቻላል፤ ትዕግሥት ላለው ሰው።

ኤፒኤስ የሚባለው በ1996 መጥቶ በ2011 ምርቱ የቆመ ፊልም ነው። ዛሬ የሚገኘው ጊዜው ያለፈበት ብቻ ነው፤ ካሜራውን በነጻም ቢሰጧችሁ አስቡበት። ዲስክ ፊልም የሚባለውንም እንደዚያው።

ፎቶውን እዚያው የሚያወጣው ፖላሮይድ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኤስኤክስ-70 እና 600 የሚባሉት ፊልማቸው አሁንም ይሠራል። ተጎትተው የሚወጡና በእጅ የሚላጡ ፎቶዎችን የሚያወጡት ታጣፊዎቹ ግን ሌላ ናቸው። ፉጂፊልም የዚህን የመጨረሻውን ፊልሙን እንደሚያቆም ያሳወቀው በ2016 ነው። እነዚህ ታጣፊዎች በጣም ያምራሉ፣ ትልልቅ ናቸው፣ ዋጋቸውም የሚማርክ ነው። ለመደርደሪያ ካልሆነ እለፏቸው።

ልብ ሊያስደነግጡ የሚገባቸው ስሞች

ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ እኔ የምፈልጋቸውን ብቻ ልንገራችሁ። ባለ መስታወቶቹ (በራሱ በሌንሱ በኩል አይታችሁ የምታነሱባቸው) ላይ ፔንታክስ ኬ1000 እና ካኖን ኤኢ-1፣ ሁለቱም በ1976 የወጡ። ኦሊምፐስ ኦኤም-1። በ1982 የወጣው ኒኮን ኤፍኤም2፤ የዚህኛው ሹተር ያለ ባትሪም እስከ 1/4000 ሰከንድ ፍጥነት ስለሚሠራ ሰው በቀላሉ አይለቀውም። ሰፊ ፊልም ከሚጎርሱት ሮሌይፍሌክስ፣ ሃሰልብላድ፣ ማሚያ። ከኪስ ካሜራዎቹ ኮንታክስ ቲ2፣ ያሺካ ቲ4 እና ያ የፕላስቲክ ኦሊምፐስ። ላይካ ኤም3ን (1954) ማንም ያውቀዋል፤ በርካሽ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ጠርጥሩ።

ፌድና ዞርኪ የሚባሉት የሶቪየት ካሜራዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረውን ላይካ ቀድተው የተሠሩ ናቸው። ራሳቸውን ችለው ምንም አይሉም። ችግሩ አንዳንዱ ሰው ስማቸውን ፍቆ «ላይካ» ብሎ መቅረጹ ነው። ወርቅ የተቀባ፣ ንስር የተሳለበት፣ የ1936 ኦሊምፒክ ምልክት ያለበት ላይካ ቢያቀርቡላችሁ ሳቁና እለፉ። ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሌንሱን ፈትታችሁ ወደ ውስጥ እዩ። ከላይ በኩል በሌንሱ የምትገፋ ትንሽ ምላስ አለች። እውነተኛው ላይካ ላይ ጫፏ ላይ ክብ ተሽከርካሪ ጎማ አላት። ፌድና ዞርኪ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ሾጠጥ ያለች ደረቅ ብረት ናት።

በተቃራኒው፣ በ1990ዎቹ የተሠሩት ዙም ያላቸው ተራ የፕላስቲክ ካሜራዎች በየቦታው አሉ። ባትሪ ጨርሰው ስለተቀመጡ ብቻ «የድሮ» ተብለው ይወደዳሉ። አትቸኩሉ።

ሌንሱ ከካሜራው የሚበልጥበት ጊዜም ብዙ ነው። ሌንሱ ፊት ላይ 1፡1.4 ወይም 1፡2.8 የመሰለ ቁጥር አለ። ሁለተኛው ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል፣ ባብዛኛው ዋጋውም ይጨምራል። ዜኒት ካሜራ ላይ የሚገኘው ሄሊዮስ 44-2 ለምሳሌ ከኋላ ያለውን እንደ አዙሪት ስለሚያደበዝዘው የዲጂታል ካሜራ ባለቤቶች ሳይቀሩ ይፈልጉታል። ካሜራው ሞቶም ቢሆን ለሌንሱ ሲባል የሚገዛ አለ።

አምስት ደቂቃ፣ ካሜራው እጃችሁ ላይ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ጀርባውን ከመክፈታችሁ በፊት በግራ በኩል ያለችውን የፊልም መመለሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ዝም ብላ ከዞረች ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከያዘች ፊልም አለበት፤ አትክፈቱ። ስለ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ባዶ ከሆነ ክፈቱና ሹተሩን እዩ። የጨርቅ ከሆነ መብራቱን ከፊት አብርታችሁ ከኋላ ተመልከቱ፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክል ብርሃን ካያችሁ ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። የብረት ከሆነ ደግሞ ቅጠሎቹ መታጠፋቸውን እዩ። በጣት አትንኩት። አንድ ጣት የነካው ሹተር ስንቱን ካሜራ ገደለ።

አሁን ፍጥነቱን አንድ ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ተኩሱና ጆሮ ስጡት። ድምፁ ወጥ መሆን አለበት፤ ዝዝዝ ብሎ፣ ጠቅ። መሃል ላይ ከተንተባተበ ወይም ተከፍቶ ከቀረ ቅባቱ ደርቋል ማለት ነው። ረጅም ዘመን ቁጭ ባለ ካሜራ ላይ የተለመደ ነው፤ ይጠገናል፣ ግን የጥገናው ዋጋ ከናንተ ኪስ አይውጣ። ከዚያ ወደ 1/1000 ውጡ። ጀርባው ክፍት እንደሆነ ወደ ሰማይ አዙራችሁ ተኩሱ። በቅጽበት የብርሃን ብልጭታ በፍሬሙ ሙሉ ስፋት መታየት አለበት። አንድ ጎኑ ከጨለመ ሹተሩ ይጎተታል።

ፌድ ወይም ዞርኪ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ፊልም ማስኬጃውን አዙሩ፣ ፍጥነቱን የምትቀይሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሳታዞሩ ከቀየራችሁ ልትሰብሩት ትችላላችሁ። የሻጩን ካሜራ ሰብሮ «አይ፣ ይቅርብኝ» ማለት ደግሞ ያሳፍራል።

ካኖን ኤኢ-1 ስትተኩሱት እንደ ጫጩት ጭ ካለ አትደንግጡ። የመስታወቱ ማርሽ ቅባት ጠምቶት ነው። የታወቀ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ይሄ ካሜራ ያለ ባትሪ ፍጹም አይተኩስም፤ ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚሸጠውም በዚህ የተነሳ ነው። ባለ6 ቮልቱን ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ሌንሱ። ፈትታችሁ ብርሃን የሚገባበትን የውስጡን ቀዳዳ እስከ ጥግ ክፈቱት፣ በአንድ በኩል የስልኩን መብራት በአግድም አብሩበት፣ በሌላው በኩል እዩ። ትንሽ አቧራ ሁሉም ላይ አለ፤ ፎቶ ላይ አይታይም። ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ ቀጭን ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ጭጋግ የመሰለ ነጭ ሽፋን ፎቶውን ያደበዝዛል። ጠርዙ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ካለ የተጣበቁት መስታወቶች መላቀቅ ጀምረዋል፤ ይሄን ተዉት። የፊት ጭረት ከሚያስፈራው በታች ነው፤ የኋላ መስታወት ጭረት ግን ፎቶው ላይ ይጎላል።

እንደ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር 1.4 ያሉ የድሮ ሌንሶች መስታወታቸው ወደ ቢጫ ያደላል። ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ። መስታወቱ ቶሪየም የሚባል በመጠኑ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው በዘመን ብዛት ቢጫ ሆኗል። ለተወሰኑ ቀናት የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኘው ቢጫነቱ ይቀንሳል። ይህን የማያውቅ ሻጭ በርካሽ ይለቀዋል።

ከዚያ የቀዳዳዋን ቅጠሎች፣ አፐርቸር የሚባለውን እዩ። ዘይት ከነካቸው ያብረቀርቃሉ፣ ሲዘጉም ይንቀራፈፋሉ። ፈጥነው ጠብ ማለት አለባቸው።

ጀርባው ጠርዝ ላይ ያለው ጥቁር ስፖንጅ እጃችሁ ላይ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ አትዘኑ። በአሮጌ ካሜራ ላይ ይህ የማይቀር ነው፣ በአልኮል አጽድቶ መቀየርም ቀላል ነው። እንዲያውም ለዋጋ መከራከሪያ ይሆናችኋል። የባትሪው ቤት ውስጥ አረንጓዴ ወይም ነጭ ቅርፊት ካለ ባትሪ ፈስሷል፤ ትንሽ ከሆነ በኮምጣጤ ይጸዳል፣ ወደ ውስጥ ሽቦው ከዘለቀ ግን መጨረሻው አይታወቅም።

የብርሃን መለኪያውን በተመለከተ፣ ሌንሱ ዙሪያ ወይም ከላዩ የማር እንጀራ የመሰለ መስታወት ካለ ሴሌኒየም ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ግን ከሞተ ሞተ። የድሮ 1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ የሚፈልጉትም አሉ፤ ባትሪው በመርዛማነቱ ከገበያ ወጥቷል። 1.5 ቮልት ብትከቱበት መርፌው ሊዋሻችሁ ይችላል። ለመስሚያ መሣሪያ የሚያገለግለው የዚንክ ባትሪ 1.4 ስለሆነ ይቀርበዋል። መለኪያው ጨርሶ ባይሠራም እኔ ብዙም አይከፋኝም፤ የስልክ አፕ ይተካዋል።

ትንንሾቹ አውቶማቲኮች ላይ ግን እንዲህ ለጋስ አይደለሁም። ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ ናቸው፤ ከተበላሹ መለዋወጫ የለም፣ የሚነካቸው ባለሙያም ጥቂት ነው። ባትሪ ከትታችሁ ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ፣ ፍላሹ ሲበራ፣ ቁጥር ማሳያው ሙሉ ሲሆን ካላያችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ።

በመጨረሻ ብሎኖቹን ቃኙ። ራሳቸው የተጋጋጠ ከሆነ አንድ ልምድ የሌለው ሰው ከፍቶታል። የሌንሱ አፍ ከተጨረማመተ ወድቋል።

ዋጋውን ማውጣት

ሰዎች ስንት እንደሚጠይቁ አትዩ፤ ስንት እንደተሸጠ እዩ። ጥያቄ ምኞት ነው። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። ትክክለኛውን ሞዴልና ትክክለኛውን ሌንስ ጻፉ፤ ኤፍኤም እና ኤፍኤም2 አንድ አይደሉም። ከወጡላችሁ ውስጥ በጣም ውዱንና በጣም ርካሹን ጣሉ፣ መሃል ያሉትን አምስት ስድስት ተመልከቱ።

ከዚያ ማስታወቂያው ውስጥ ያለውን ቃል አንብቡ። «ፊልም ተነስቶበታል፣ ናሙናው ይኸው» የሚለውና «አልተሞከረም» የሚለው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። እኔ «አልተሞከረም» ሲሉኝ «ሞክሬው አልሠራም» ብዬ ነው የማነበው። አንዳንዴ እበድላቸው ይሆናል፤ ኪሴ ግን አመስግኖኛል።

የኔ ሒሳብ እንዲህ ነው። በትክክል የሚሠራው በስንት ተሸጠ? ከሱ ላይ ያየሁትን ችግር ማስጠገኛ እቀንሳለሁ። የባትሪ፣ የአንድ ፊልምና የማሳጠቢያ እቀንሳለሁ። ለማላየው ችግር ደግሞ ጥቂት እቀንሳለሁ፤ ሁልጊዜ የማይታይ ችግር አለ። የቀረው ከፍተኛው ዋጋዬ ነው። ሻጩ ከዚያ በላይ ካለ አመስግኜ እሄዳለሁ። ሣጥን፣ መመሪያ መጽሐፍና የመጀመሪያው ደረሰኝ ካለ ትንሽ እጨምራለሁ። ጥቁር ቀለም የተቀባ አሮጌ ካሜራ ከብርማው ሊወደድ ይችላል፤ ግን በኋላ ቀለም የተቀባ እንዳይሆን ጠርዞቹንና የተቀረጹትን ፊደሎች በደንብ እዩ።

የላይካው ፈልሳፊ የኦስካር ባርናክ የግል ካሜራ በ2022 በጨረታ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቷል። ይህን ዜና ያነበበ ሻጭ ሁሉ የራሱን ላይካ የዚያ ወንድም ያስመስለዋል። አትከራከሩት። የተሸጡትን ዋጋ ስልካችሁ ላይ አሳዩትና ዝም በሉ።

ስትደራደሩ ካሜራውን አታጣጥሉ፣ ስሙንም ስታዩ አትጩኹ። «ይሄ ስፖንጅ መቀየር አለበት፣ አንድ ሰከንዱ ላይም ይንተባተባል፣ ስሙት» ብላችሁ ራሱ እንዲሰማ ስጡት። ያየውን ነገር አይክድም። የሟች ባሏን ካሜራ ምንነቱን ሳታውቅ በሳንቲም የምትሸጥ እናት ካጋጠመችኝ ግን እነግራታለሁ። ለሌላው ነጋዴ አልነግርም።

ፊልም ውስጡ ከተገኘ

የታች ቁልፏን ተጭናችሁ መልሳችሁ ጠቅልሉትና አውጡት። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላም ምስል ሊወጣው ይችላል፤ የቀለሙ ግን ቀድሞ ይበላሻል። ኮዳክሮም የሚል ከሆነ ኮዳክ ማምረቱን በ2009 አቁሟል፣ በቀለም የሚያጥበው የመጨረሻው ቤትም በ2010 መጨረሻ መቀበሉን አቆመ፤ አሁን በጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚሞከረው። ቪቪያን ማየር የተባለች ሞግዚት ለኪራይ ማከማቻ ሳትከፍል ቀርታ ዕቃዋ በ2007 ቺካጎ ውስጥ ለጨረታ ሲወጣ ያልታጠቡ ፊልሞቿም አብረው ነበሩ። ዛሬ ከታላላቅ የመንገድ ላይ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተርታ ትጠራለች። የናንተው ጥቅል የሰው ልደት ሊሆን ይችላል፤ ከታወቀ ለባለቤቶቹ ስጡት።

የመጀመሪያው ፊልም

ቤት ስትገቡ ርካሽ ፊልም ክተቱና ለፈተና ብቻ ጨርሱት። ከ1/1000 ጀምራችሁ እያንዳንዱን ፍጥነት አንድ አንድ ጊዜ ተኩሱ። የጡብ ግድግዳ ከቅርብ አንሱ፣ ሌንሱ ጠርዝ ላይ ስል መሆኑን ያሳያችኋል። ሁለት ሦስት ፍሬም ላይ ካሜራውን ፀሐይ ላይ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ እዚያ ይጋለጣል። የትኛውን በምን ፍጥነት እንዳነሳችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ስታሳጥቡ ከኔጌቲቩ (ከታጠበው ፊልም) ጋር ታስተያዩታላችሁ። ሁሉም ደህና ከወጣ ኔጌቲቩን ከወረቀቱ ጋር ካሜራው ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት። መሸጥ ካማራችሁ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።